ግማሽ ሥራ አትስጡ፣ ግማሽ ሥራ አትቀበሉ

ለወላጆች ከተደረገ ንግግር በጽሑፍ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፤

የቤት ሥራ ክፍፍል ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ «ወንዶች ሰነፎች ናቸው»፣ «ሴቶች ምንም ቢደረግላቸው አይጠግቡም» ወደሚለው ይሄዳል። ዛሬ እዚያ አንገባም። አብዛኞቻችሁ ሁለታችሁም ውጭ ሠርታችሁ የምትገቡ፣ ልጅ የምታሳድጉ ናችሁ። በእንዲህ ዓይነት ቤት ደጋግሞ የሚታየው ችግር ሌላ ነው፦ ባልየው ይሠራል፣ ሚስትየዋ ግን አይቀልላትም። እሱ ሳህን ያጥባል፣ ልጅ ያደርሳል፣ ዳይፐር ገዝቶ ይገባል፤ እሷ ግን እንደተወጠረች ነው። እሱ «ምን ያላደረግሁት አለ?» ይላል። እሷም ምን እንደጎደለ ቁርጥ አድርጋ መናገር ያቅታትና ነገሩ በኩርፊያ ያልቃል።

የጎደለው ይኼ ነው። ማንኛውም የቤት ሥራ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ማየትና ማስታወስ ነው። ሁለተኛው መቼ፣ በምን፣ በስንት ብር እንደሚሠራ መወሰን ነው። ሦስተኛው እጅ የሚነካው ሥራ ነው። በብዙ ቤት ለአባት የሚደርሰው ሦስተኛው ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ ከእናትየዋ ጭንቅላት አይወጡም፤ ቢሮም ስትሆን፣ ታክሲም ስትጠብቅ፣ ጋደም ስትልም አብረዋት ናቸው።

እንጀራን እንመልከት። ዓርብ ማታ መሶብ ላይ እንጀራ እንዲኖር ሊጡ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ መቦካት አለበት። ለዚያ ደግሞ ጤፉ ተገዝቶ፣ ተነፍቶ፣ ወፍጮ ቤት ደርሶ መመለስ ነበረበት። ሊጡ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከዚያ አብሲት ይጣላል፦ ከሊጡ ቀንሶ፣ ውሃ ጨምሮ፣ እያማሰሉ እሳት ላይ እስኪወፍር ያበስሉትና ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመልሱታል። አብሲቱ እንደፈላ ከገባ እርሾው ይሞታል፤ ጨርሶ ከተዘለለ ደግሞ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱ ይጣዳል፣ በጎመን ዘር ይታሰሳል፤ ሳይግል ከተጋገረበት ይይዛል። ሊጡ ከዳር ወደ መሃል እየተዞረ ይፈስሳል፣ ዓይን ሲያወጣ ይከደናል፣ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ ይወጣል። ሳይበርድ የተደራረበ እንጀራ ቶሎ ይሻግታል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ የመጋገሪያውን ሰዓት ማመቻቸት ራሱ አንድ ሥራ ነው።

እንግዲህ ባልየው «ዓርብ ዓርብ እኔ እጋግራለሁ» ቢል ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዱቄቱ ሊያልቅ መሆኑን ያየችው እሷ ከሆነች፣ ወፍጮ ቤት የላከችው እሷ፣ ያቦካችውም እሷ፣ ዓርብ ከሰዓት ደውላ «አብሲቱን እንዳትረሳ» ያለችውም እሷ ከሆነች፣ እሱ የወሰደው ምጣድ ዳር የሚቆምበትን ሰዓት ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚያሳስበው ክፍል እሷው ጋር ቀርቷል። እንጀራ ከሱቅ የምትገዙም ከዚህ አታመልጡም፤ ስንት እንጀራ እንደቀረ አይቶ ነገ ለቁርስ እንደማይበቃ የሚያውቀው ማን ነው?

ስለዚህ ሥራ ሲተላለፍ ከማየት እስከ መጨረስ ሙሉውን ይተላለፍ። «ልጁን ሐሙስ ክትባት ውሰደው» ማለት ትዕዛዝ ነው፤ ያዘዘው ሰው ኃላፊነቱን አልለቀቀም። የክትባት ካርዱ አባት መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ቀኑ አባት ስልክ ላይ ሲመዘገብ፣ ከክትባት በኋላ ትኩሳት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ ከጤና ባለሙያው ጠይቆ የሚሰማው አባት ሲሆን ክትባት የአባት ሥራ ሆነ ይባላል።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። አንዳንዱ ይኼን ነገር ከውጭ የመጣ ሐሳብ አድርጎ ያየዋል፤ የራሳችን ሕግ ግን መንገዱን ከሄደ ቆይቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። ባልየው ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ከሌለውም የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት እንደሆነ ይደነግግ ነበር። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚባለው በሕግ ተጽፎ ነበር ማለት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ይህን ለውጦ ባልና ሚስት በቤተሰብ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸውና ልጆችን በማሳደግና በማስተማር መተባበር እንዳለባቸው በአንቀጽ 50 ደነገገ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ዛሬ ልጅ የሚያሳድጉት ብዙዎቹ አባቶች ያደጉት ግን በአሮጌው ሕግ መንፈስ ነው። ስለዚህ አንድ አባት ማጀት ገብቶ ቢደናገር አልተማረውም እንጂ አልፈለገም አይባልም። የሚማርበት ጊዜ ይሰጠው፤ እሱም ይማር።

አሁን ወደ አሠራሩ። ልጆች ከተኙ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጊዜ፣ አንድ ደብተርና ሁለት እስክሪብቶ ያስፈልጋችኋል። በየቀኑ የሚሠራውን፣ በሳምንት የሚሠራውን፣ በወርና በዓመት የሚመጣውን ለየብቻ ጻፉ። የዕለቱን ስትጽፉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምራችሁ በሰዓት ሂዱ፦ ማን ይቀሰቅሳል፣ ማን ያለብሳል፣ ምሳ ዕቃ ማን ይሞላል፣ ሰርቪሱ ሲመጣ ደጅ የሚቆመው ማን ነው? የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ሌሊት ተነስቶ ጀሪካንና በርሜል የሚሞላውን ሰው አትርሱት፤ ብዙ ዝርዝር ላይ ይዘለላል። የዓመቱ ላይ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር፣ በርበሬ ማስፈጨት፣ የበዓል ግዢ፣ ክርስትና ወይም ሠርግ ሲኖር የሚሰጠው ስጦታ፣ ለቅሶ መድረስ ሁሉ ይግባ። ዕድሩን ማን እንደሚከታተል ጻፉ።

ከዚያ በእያንዳንዱ ሥራ አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉ፦ የሚያስታውሰው ማን ነው፣ የሚሠራው ማን ነው። ብዙ ባለትዳሮች ፀጥ የሚሉት እዚህ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ዓምድ ተቀራራቢ የሆነው ስም በመጀመሪያው ዓምድ ላይ ወደ አንድ ሰው ይጠቀለላል። ሌላም ነገር ይታያል። የአባት ሥራዎች አብዛኛውን ጊዜ ቀን ሊገፉ የሚችሉ ናቸው፦ መኪና ማሠራት፣ የመብራት ሒሳብ መክፈል፣ አምፖል መቀየር፣ በግ መግዛት። የእናት ሥራዎች ሰዓት የተቆረጠላቸው ናቸው። ልጅ የራበው አሁን ነው፣ ሰርቪሱ አሥር ደቂቃ አይጠብቅም። ሰዓት የተቆረጠለት ሥራ የያዘ ሰው ስብሰባ ቢረዝምበት ይጨነቃል፣ የሥራ ዕድገት ቢሰጠው ያመነታል። ስለዚህ ስትካፈሉ ቁጥሩን ብቻ አትዩ፤ አባት ሰዓት ከተቆረጠላቸው ሥራዎች ቢያንስ አንዱን ወይም ሁለቱን ይያዝ። ከልምድ እንደሚታየው ለመጀመር ጥሩው የጠዋቱ ክፍል ነው፤ ከመቀስቀስ እስከ ሰርቪስ ድረስ አንድ ላይ የሚሄድ ስለሆነ መሃሉ ላይ «ይኼ የማን ነበር?» የሚባል ነገር አይገባም።

በመጀመሪያው ምሽት ሁሉን ለመካፈል አትሞክሩ። ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ሥራ ይተላለፍና ለሦስት ወር ይቆይ። የጠዋቱን ክፍል ለምሳሌ አባት ከወሰደው ምሽቱን ያዘጋጃል፤ ዩኒፎርሙ ተተኩሶ ይሰቀላል፣ ጫማው ይወለወላል፣ ደብተሩ ከነገ ፕሮግራም ጋር ይመሳከራል፣ የመገናኛ ደብተሩ ተነቦ ይፈረማል። የክፍሉ ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚገባውም እሱ ይሆናል። ትልቁ መሰናክል ይኼ ግሩፕ ነው፤ «ነገ ልጆች ነጭ ቲሸርት ለብሰው ይምጡ» የሚለው መልእክት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እናት ስልክ ላይ ብቻ ከገባ የጠዋቱ ሥራ ተመልሶ የእናት ሆነ። ትምህርት ቤቱም ሲቸገር አስቀድሞ የሚደውለው ለማን እንደሆነ ጠይቁና ቁጥሩን አስቀይሩ።

እናቶች፣ ቀጥሎ ያለው ለእናንተ ነው፤ ቅር እንዳይላችሁ። ሥራ ከሰጣችሁ በኋላ ከኋላ ቆሞ ማረም አለ። «እንደዚህ አይደለም የሚታጠበው»፣ «ያንን ሹራብ ለምን አለበስከው»፣ «ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ»። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ከእጁ ከተነጠቀ በአራተኛው አይጀምርም። ይኼን ለማስቀረት ሥራው ሲተላለፍ ዝቅተኛው ልክ ምን እንደሆነ በቅድሚያ ተስማሙ። የሕፃን ገላ ለምሳሌ፦ ቤቱ ይሙቅ፣ ውሃው በክርን ተነክቶ ለብ ያለ ይሁን፣ ፎጣውና ልብሱ ከመጀመራችሁ በፊት እጅ የሚደርስበት ቦታ ይቀመጥ፣ አንድ እጅ ከሕፃኑ ላይ ለቅጽበት አይነሳ። በእነዚህ ድርድር የለም፣ የደኅንነት ጉዳይ ናቸው። ፀጉሩ መጀመሪያ ይታጠብ ወይስ መጨረሻ፣ ቢጫው ፒጃማ ይሁን ወይስ ሰማያዊው፣ ይኼ የአጣቢው ነው። አባቶችም፣ «አንቺ ትችይበታለሽ» ብላችሁ ሥራውን አትመልሱ። እሷም የቻለችው ደጋግማ በመሥራት ነው።

ሳምንታዊ ንግግር ያስፈልጋል፤ እሑድ ማታ 20 ደቂቃ። የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ማን ያመሻል፣ ማን መስክ ይወጣል፣ የማን ልጅ ልደት አለ፣ ምን ሊያልቅ ነው። ያለፈውን ሳምንት ጥፋት የምትቆጥሩበት ሰዓት አታድርጉት፤ ያኔ በሦስተኛው እሑድ አንዱ እንቅልፍ ይመጣበታል።

ወደ አራስ ቤት እንሂድ፤ ክፍፍሉ የሚበላሸውም የሚቃናውም እዚያ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለአባት የሚሰጠው ደመወዝ የሚከፈልባቸው ሦስት ተከታታይ ቀናት ነው። ሦስት ቀን ከሆስፒታል ወጥቶ ለመግባት እንኳ አይበቃም፤ ይህ መሻሻል ያለበት ነገር ነው። ለማነጻጸር፣ ስዊድን በ1974 እ.ኤ.አ. የወሊድ ፈቃዱን የሁለቱም ወላጆች አድርጋለች። ዛሬ በአንድ ልጅ 480 ቀን ትሰጣለች፤ ከዚያ ውስጥ ለእያንዳንዱ ወላጅ 90 ቀን ለሌላው የማይተላለፍ ነው። አባት ካልወሰደው ይቃጠላል፤ ስለዚህ ይወስዳል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት መስፈርቱን ካሟሉ እናትም አባትም እስከ 12 ሳምንት ሥራቸው ተጠብቆላቸው መውጣት ይችላሉ፤ ደመወዝ ግን የለውም።

እኛ ባለን ነገር እንሥራ። ከሦስቱ ቀን ሌላ አባት የዓመት ፈቃድ አለው፤ በአዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በአገልግሎትም ይጨምራል። ብዙ አባቶች ይህን ፈቃድ ከወሊዱ ጋር አያይዘው ይጨርሱታል፤ በዚያን ጊዜ ግን ቤቱ በሰው የተሞላ ነው። የእናትየዋ እናት መጥታለች፣ ገንፎው አለ፣ አጥሚቱ አለ፣ ጠያቂ ይጎርፋል። ባልየው ቡና ከማቅረብ ያለፈ ሥራ አያገኝም። ቤቱ ጭር የሚለው አያት ሻንጣዋን ይዛ ስትመለስ ነው። የፈቃዱን ግማሽ ለዚያን ሳምንት፣ ግማሹን እናት ወደ ሥራ ለምትመለስበት ሳምንት አስቀምጡት።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማጥባት የእናት ነው፤ ዙሪያው ያለው ግን የእናት መሆን የለበትም። ሌሊት ሕፃኑ ሲነቃ አባት ተነስቶ ዳይፐር ይቀይራል፣ ለእናቱ ያቀብላል፣ ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻው ላይ አድርጎ ያስገሳል፣ መልሶ በጀርባው ያስተኛል። ከዚህም የተሻለው ለእናት አንድ ያልተቆረጠ እንቅልፍ መስጠት ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አጥብታ ትተኛ፤ እስከሚቀጥለው ማጥቢያ ድረስ ሕፃኑ ሌላ ክፍል ከአባቱ ጋር ይሁን። ሰዓቱ ትንሽ ይመስላል፤ ለአራስ ሰውነት ግን ትልቅ ነው። እንግዳ መቀበልና እንግዳ መሸኘትም ሙሉ በሙሉ የአባት ይሁን፤ «አሁን ተኝታለች፣ ይቅርታ» ማለት ለእሷ ይከብዳል፣ ለእሱ አይከብደውም። የልደት ምዝገባውም እንዲሁ፦ ሆስፒታሉ የሚሰጠውን የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ይዞ በ90 ቀን ውስጥ ወረዳው ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማስመዝገብ። ክትባቱ በተወለደ ጊዜ ይጀምርና በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ የኩፍኙ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። ሰው የሚረሳው የ15 ወሩን ነው፣ ልጁ አድጎ ስለሚመስል። ካርዱን የያዘው አባት ይኼን ቀን አሁኑኑ ስልኩ ላይ ይጻፈው።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ ይባላል፤ የእናት ፈቃድ ግን ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ክፍተቱን የሚሞላው የታለበ ወተት ነው፤ የወተቱ ጥንቃቄ ሙሉ በሙሉ የአባት ሥራ መሆን ይችላል። እቃው በደንብ ታጥቦ ይቀቀላል። ወተቱ ክዳን ባለው እቃ ሆኖ ቀንና ሰዓት ይጻፍበታል። በክፍል ሙቀት አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል፤ የፍሪጁ በር ላይ አይቀመጥም፣ ሙቀቱ ይለዋወጣልና። ሲፈለግ እቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ቆሞ ለብ ይላል እንጂ እሳት ላይ አይጣድም። ሕፃኑ ጀምሮ የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ካልተጠቀመበት ይደፋል። ለእናት የሚቀረው ማለቡ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሮ ውስጥ ንጹሕና በር ያለው ክፍል ይፈልጋል።

ልጅ ሲታመምስ? ያኔ ሁሉም ነገር ወደ እናት ይመለሳል፤ አባት መድኃኒት ቤት ተልኮ ይመጣል። ቢያንስ ተቅማጥን ሁለታችሁም እኩል እወቁት። አንዱ የኦአርኤስ (ተቅማጥ የያዘው ልጅ ያጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ግማሹን ፓኬት በብርጭቆ መበጥበጥ አደገኛ ነው፣ ጨውነቱ ልኩን ያጣል፤ ስኳር ወይም ወተት አይጨመርበትም። በ24 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ለሆነ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይሰጠዋል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ጠብቆ በማንኪያ ቀስ እያሉ መቀጠል ነው። ዚንክ ከታዘዘለት የታዘዘውን ቀን ሁሉ ይወስዳል፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፤ ተቅማጡ ቆመ ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ስሕተት ነው። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ከፈዘዘ፣ ሰገራው ደም ካለበት ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም። ይኼን የሚያውቅ አባት እናት ባትኖርም ሌሊቱን ይወጣዋል፤ እሷም መስክ ወጥታ እንቅልፍ ይወስዳታል።

«እኛ ሠራተኛ አለችን» የምትሉ አላችሁ። ሠራተኛ እጅ የሚነካውን ሥራ ትወስዳለች፤ ማየትና መወሰኑ አይሄድም፣ እንዲያውም ሌላ ሥራ ይጨመርበታል፦ መፈለግ፣ ተያዥ ማነጋገር፣ ማሳየት፣ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ ስትታመም ማሳከም። በድንገት «ልሄድ ነው» ስትል ደግሞ የምትቀረው እናት ናት፤ ፈቃድ የምትጠይቀውም እሷ። የመቅጠሩንና የክፍያውን ነገር አባት ይያዝ፣ ሠራተኛ በሌለችበት ሳምንት ማን ስንት ቀን ከሥራ እንደሚቀር ደግሞ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዘመድ ሲመጣ ያለውን ታውቁታላችሁ። አባት ሽንኩርት ሲከትፍ እናቱ ደረሱ፣ ፊታቸው ተለወጠ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይያዝ፦ እያንዳንዱ የራሱን ወገን ራሱ ያናግር። ምራት አማቷን ልታስረዳ ከሞከረች ነገሩ ጠብ ይሆናል። ልጅየው «እማዬ፣ ወጡ የእኔ ነው፣ ቅመሽልኝ» ቢል ግን ያልቃል። በእንግዳ ፊት ቢላዋውን ጥሎ ወደ ሳሎን መሄድ ግን ለልጆቹ ትልቅ ትምህርት ነው፣ መጥፎ ትምህርት። ወንድ ልጁም ሴት ልጁም ያዩታል፤ ከዚያ በኋላ የአሥር ዓመቱን ልጅ «ካልሲህን እጠብ» ማለት ይከብዳል።

ቅጣትን በተመለከተ ሁለት ነገር ልጨምር። «ቆይ አባትህ ይምጣ» የሚለውን ተዉት። ጥፋቱን ያየ ወላጅ እዚያው ይጨርሰው፤ ማታ የሚመጣ ቅጣት ለትንሽ ልጅ ከጥፋቱ ጋር አይገናኝለትም፣ ውጤቱ አባቱ በር ሲከፍት መደበቅ ነው። ሁለተኛው፣ ልጅ እናቱ የከለከለችውን ይዞ ወደ አባቱ ይሄዳል። አባትየው ከመመለሱ በፊት «እናትህ ምን አለች?» ብሎ ይጠይቅ። በውሳኔዋ ባይስማማም ልጁ ፊት አይሽረው፣ እሑድ ማታ ያንሳው።

በመጨረሻ አንዱ ወላጅ ርቆ የሚሠራበት ቤት አለ፤ ሾፌር ነው፣ ፕሮጀክት ላይ ነው፣ ወይም እናትየዋ ቤይሩት ወይም ዱባይ ሄዳ አባት ከልጆች ጋር ቀርቷል። ርቆ ያለውም ሰው ሙሉ ሥራ መያዝ ይችላል። ገንዘብ መላክ ብቻ አይሁን። የትምህርት ቤት ክፍያውን ቀን መከታተል፣ ከክፍሉ መምህር ጋር በወር አንድ ጊዜ በስልክ መነጋገር፣ የክትባትና የሐኪም ቀጠሮ ማስታወስ፣ ኢንተርኔት ካለ ማታ ማታ በቪዲዮ ንባብ ማስነበብ በስልክ የሚሠሩ ናቸው። የሚደወልበት ሰዓት የተቆረጠ ይሁን፣ ለምሳሌ ከእራት በፊት 15 ደቂቃ፤ ሲመች ብቻ ከተደወለ ልጁ ስልኩን መጠበቁን ይተዋል። የሚጠየቀውም «አንደኛ ወጣህ?» ብቻ አይሁን፤ ዛሬ ከማን ጋር እንደተጫወተ፣ ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን እንደነበረ፣ የትኛው ጥያቄ እንዳስቸገረው ይጠየቅ። ወደ ቤት ለእረፍት ሲመጣም ቤት ያለው ሰው የዘረጋውን ሥርዓት በመጀመሪያው ሳምንት አይለውጥ፤ አይቶ፣ ጠይቆ፣ ከሥራዎቹ አንዱን ተረክቦ ይጀምር።